ሁለተኛው ባትሪ

መርማሪው ጎንበስ ብሎ ወደ ጀልባዋ ሆድ ሲወርድ፣ ሽማግሌው መካኒክ በአሮጌው የናፍጣ ሞተር ጎን ተዘርሯል። ሰረሰሩ ተመትቷል። አጠገቡ ረጅም የብረት ዘንግ ወድቋል። የሞተሩ ክዳን ተነስቶ ብሎኖቹ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በተራ ተደርድረዋል፤ ጀልባዋን ከገዛ ሳምንት ያልሞላው ሰው ቫልቭ እያስተካከለ ነበር።

ሚስቱ ከላይ ሆና ወንድሙ ነው የገደለው ትላለች። ታናሽ ወንድሙ ወደቡ ጠርዝ ላይ በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀምጧል፤ ካቴናው ወጥቶ እጁ ላይ ሊገባ ነው። ትናንት መጣላታቸውን አልካደም።

«ጋሼ፣ ጉልበትህ አልቋል፣ አሮጌ ሞተር ምን ያደርግልሃል አልኩት። አኩርፌ ሄድኩ።»

ዛሬ የት እንደዋለ የሚመሰክርለት ግን አልነበረም። የጀልባዋ ሻጭም ተጠርቶ መጣ፤ ሞተሩ እንከን የለውም ብሎ ማለ።

ሚስትየዋ ከጠዋት ጀምሮ የመሪውን ክፍል ስታጸዳ እንደነበረች፣ ለምሳ ጠርታው ሲዘገይባት ወርዳ እንዳገኘችው ተናገረች።

«በአፍዎ ነው የጠሩት?»

«እዚያ ታች አፍ ይሰማል እንዴ? ሠላሳ ዓመት በጀልባዋ ጡሩምባ ነው የምጠራው። ጫን ሳደርገው፣ ‹ነፍሴን አወጣሽው እኮ› እያለ ይመጣል።»

የወደቡ ዘበኛ ግን ቀኑን ሙሉ ጡሩምባ አልሰማም። መርማሪው ጎን ወደታሰረችው የቀድሞ ጀልባቸው ተሻገረና ከመሪው በስተግራ ያለውን ጥቁር ቁልፍ ተጫነ። ጡሩምባው ጮኸ፤ ወደቡ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። በአዲሲቱም ጀልባ ቁልፉ እዚያው ቦታ ላይ ነው፤ ጽሑፉ ተፍቋል። እሱን አልነካውም። የቁልፉን የኤሌክትሪክ ገመድ ተከትሎ ታች ወረደ፣ ተመልሶም የመሪውን ክፍል አግዳሚ ወንበር ከፈተ። ተንበርክኮ ውስጡን አየ።

ሁሉንም ጀልባዋ ወለል ላይ ሰበሰባቸው።

«ዘንጉን የሰው እጅ አልሰነዘረውም» አለ። «ቫልቭ የሚያስተካክል መካኒክ ዘንጉን በቮላኖው፣ በሞተሩ ከባድ ክብ ብረት፣ ቀዳዳ ውስጥ ከትቶ በእጁ ያዞረዋል። የቀዳዳው ጠርዝ በቅርቡ ተፍቋል፣ የዘንጉም ጫፍ ተጣሟል። ሞተሩ ድንገት ዞሮ ነው የወረወረው።»

«ባትሪውን ሳይፈታ ነው የገባው?» አለ ወንድምየው። «ጋሼ እንዲህ አያደርግም።»

«ፈትተዋል። የሽቦውን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልለውታል። የድሮዋ ጀልባ ያላት አንድ ባትሪ ነው። ይህቺ ግን አግዳሚው ሥር ሌላ አላት፤ እሱ አልተፈታም። ነግረዋቸው ነበር?» አለ ወደ ሻጩ ዞሮ።

ሻጩ አንገቱን ደፋ። «አልጠየቀኝም።»

«እንግዲህ እሳቸው ታች ሳሉ፣ ላይ ሆኖ የሞተሩን ማስነሻ ቁልፍ የተጫነ ሰው አለ። ክፋት አስቦ አይደለም። በድሮዋ ጀልባ ጡሩምባው ያለው እዚያው ነው፤ እጁ የለመደው ቦታ...»

ወንድምየው መሪውን አየ። ከመሪው በስተግራ ያለውን ቁልፍ አየ። ከዚያ የወንድሙን ሚስት አየና ፊቱ አመድ መሰለ። ብድግ አለ።

«እኔ ነኝ። የተጫንኩት እኔ ነኝ፤ ውሰዱኝ።»

መርማሪው ውሸቱን ያውቃል። ቢሆንም ወዲያው አላስተባበለውም።

«መቼ?» አለች ሚስትየዋ በቀስታ።

«በምሳ ሰዓት፣ እትዬ።»

«በምሳ ሰዓት እዚህ የቆምኩት እኔ ነኝ።»



«ጡሩምባው አልጮኸም» አለች። «ከታች ጓ የሚል ነገር ሰማሁ። ሰምቶኝ እየተነሳ ነው ብዬ ሳህኑን አቀረብኩ።»

ባለችበት ቁጭ አለች። ወንድምየው ፖሊሶቹን ገፍቶ ደረሰላት። ሸሚዙን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች፤ እሱም እንደያዘችው አብሯት ወለሉ ላይ ተቀመጠ።