ጋሼ ጀምበሬ ያዋሱት ፊት

ይህ ነገር በእውነት ደርሷል። ያላመነ ሸዋ ሮቢት ወርዶ የዚያን ዘመን ሰዎች ይጠይቅ።

ዘመኑ 1981 ዓ.ም.፣ ወሩ ሚያዝያ ነው። ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ጠራራ ፀሐይ፣ ቀትር ስድስት ሰዓት።

እኔ ከጋሼ ጀምበሬ ጋር አጥር የምጋራ ጎረቤት ነበርኩ። ያላየሁትን የነገሩኝ ባለቤታቸው እትዬ ለምለም ናቸው።

ጋሼ ጀምበሬ በእርሳስ ፊት የሚስሉ ሰው ነበሩ። ያውም አይተውት የማያውቁትን ፊት።

ያኔ የይፋት ልጅ እየታፈሰ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ይሄዳል። ብዙው ፎቶ ተነስቶ አያውቅም። ሞቱ ሲሰማ ታዲያ፣ ለእናቱ መርዶ ከመነገሩ በፊት ዘመድ ተደብቆ ወደ ጋሼ ጀምበሬ ይመጣል። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም... እናት ምን ይዛ ታልቅስ? ቢያንስ ባዶ አልጋው ላይ ፊቱ ይቀመጥላት ነው ነገሩ።

እሳቸውም ግቢያቸው ካለው ማንጎ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ላባቸው ወረቀቱን እንዳያበላሽ የእጃቸው አንጓ ላይ ጨርቅ ይጠመጥማሉ። እርሳሱን በምላጭ ይቀርጻሉ። ከአገጭ ተነስተው ወደ ላይ እየወጡ ይጠይቃሉ።

"አገጩ የማንን ይመስላል? አፍንጫውስ?"

ዓይን መጨረሻ ነው።

ሰው ግን ይረሳል። የገዛ ወንድሙን ጆሮ የማያስታውስ ሞልቷል። ያኔ ጋሼ ጀምበሬ የጎደለውን የሚሞሉት በአንድ ልጃቸው በይሁኔ ነበር።

ይሁኔ ከታፈሰ ሁለት ዓመት አልፎታል። ይኑር ይሙት ወሬው የለም። እሳቸው ቀን ከሌት የሚታያቸው የእሱ ፊት ነው፤ እጃቸው ሳይታዘዝ እሱን ይስላል። እናም ለማጀቴዋ ለቆንጅት ልጅ ጆሮውን ሰጡ። ለሮማን ልጅ ደግሞ ከንፈሩን።

"ማንን ይጎዳል?" ይሉ ነበር።

ቤታቸው ግድግዳ ላይ፣ ይሁኔ ሳይሄድ የሳሉት ምስል ተሰቅሏል። አንድ ቀን እትዬ ለምለም ምሳ ይዘው ሲገቡ ቀጥ ብለው ቀሩ።

"ጆሮውን ምን ነካው?"

ነጭ ሆኗል። ላጲስ የነካው አይመስልም... መጀመሪያውኑ እርሳስ ያላረፈበት ወረቀት ነው።

"አንተ ነህ ያጠፋኸው?"

"ማርያምን! አልነካሁም።"

መልሰው ሊስሉት ሞከሩ። እርሳሱ ሄደ፣ ተመለሰ... አንድ መስመር አልወጣም።

በሳምንቱ ከንፈሩ ጠፋ።

እትዬ ለምለም አልጮኹም። የባላቸውን እጅ ያዙ።

"በቃ። ለሰው የምታድለው ልጄን ነው። ዳግም እንዳትሰጥብኝ።"

"አልሰጥም" አሉ። ከልባቸው ነበር።

ግን በማግስቱ ቀትር ላይ አልማዝ መጣች። የፈለቀች የእህት ልጅ ናት፤ ፈለቀች ከደብረ ሲና ወርዳ በቅርቡ እዚሁ ሻይ ቤት የከፈተች ሴት ናት።

"ጋሼ..." አለች በሹክሹክታ። "የአክስቴ ልጅ... ብርሃኑ..."

"ሞተ?"

"ነገ ጠዋት መርዶ ልንነግራት ነው። ይሳሉልን።"

አገጩን ነገረቻቸው። አፍንጫውን፣ ግንባሩን ነገረቻቸው። ዓይኑ ላይ ስትደርስ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

"ጠፋብኝ ጋሼ።"

"እንግዲያው ይቅር።"

"ኧረ በመድኃኔ ዓለም! ዓይን የሌለው ልጅ ታቅፋ ታልቅስ?"

አንጀታቸው አልቻለም። ሳሉት... የይሁኔን ዓይን።

ያን ቀን ቤት ሲገቡ ወደ ግድግዳው ቀና ብለው አላዩም። ዓይኑም ጠፍቶ እንዳይሆን ፈርተው ነበር።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት፣ ሁላችንም ፈለቀች ደጅ ለቅሶ ላይ ነን። ከደሴ የመጣ አውቶቡስ ቆመ። አንድ ወታደር ወረደ።

ይሁኔ ነው!

ከስቷል እንጂ ምንም አልጎደለበትም። ጋሼ ጀምበሬ በደስታ እንደ ሕፃን አለቀሱ።

"ይሁኔ! ልጄ!" እትዬ ለምለም እየሮጡ ሄዱ።

አልዞረም።

ፈለቀች ከድንኳኑ ቀና አለች። "...ብርሃኑ?"

"አቤት እማዬ።"

ድምፁ የይሁኔ አልነበረም። አልማዝ አፏን በነጠላዋ ያዘች። የብርሃኑ ድምፅ ነው፣ አለችን።

ጋሼ ጀምበሬ ክንዱን ያዙት። "አባትህ ነኝ!"

ጎንበስ ብሎ በትሕትና አያቸው። "ጋሼ፣ ይልቀቁኝ። እናቴ እያለቀሰች ነው።"

ወሬው እንዴት እንደደረሰ እንጃ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆንጅት ከማጀቴ በጭነት መኪና መጣች። ሮማን መጣች። ጋሼ ጀምበሬ ልጃቸውን የሳሉላቸው ሌሎች እናቶችም መጡ፤ ሁሉም ፈለቀች ደጅ ላይ ተሰለፉ።

"ሰይፉ?" አለች ቆንጅት።

"አቤት እማዬ።" ድምፁ ጎርናና ነው።

"አሰፋ?" አለች ሮማን።

"አቤት እማዬ።" ይኼኛው ቀጭን ነው።

እናቶቹ ፊቱን ዳሰሱት። ሳቁ፣ አለቀሱ። አንዳቸውም አልተጣሉም።

እትዬ ለምለም ነጠላቸውን አስተካክለው ከሰልፉ መጨረሻ ቆሙ። ተራቸው ደረሰ።

"ይሁኔ?" አሉ፣ ቀስ ብለው።

ልጁ የተጠራውን ሰው ፍለጋ ወደ ኋላው ዞር አለ።

"ይሁኔ... እኔ ነኝ።"

ልጁ ትክ ብሎ አያቸው። አዘነላቸው፤ ማዘኑ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ከዚያ ወደ ጋሼ ጀምበሬ ዞረ።

"ጋሼ፣ የእኚህን እናት ልጅ አልሳሉላቸውም እንዴ?"

ጋሼ ጀምበሬ እጃቸውን ከጀርባቸው ደበቁ።