ቆቃ ላይ የዘመመው አውሮፕላን

ጋሽ ኑሬ ቆቃ ሐይቅ ዳር፣ ልብሱ በአውሮፕላኑ ማሰሪያ ገመድ ተይዞ ውሃው ውስጥ በፊቱ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። ከበላዩ ዕድሜውን የፈጀበት የውሃ አውሮፕላን ቆሟል፤ የውሃ መምጠጫ የእጅ ፓምፑም በአውሮፕላኑ እግር ላይ ተጋድሟል።

መርማሪዋ መቶ አለቃ ፀሐይቱ ከናዝሬት ስትደርስ የአካባቢው ካድሬ ጥፋተኛውን አግኝቶ ጨርሷል፤ አብዮቱ ፍጥነት ይወዳል። ዓሣ አጥማጁ ሽኩር የፊጥኝ ታስሮ መኪና ይጠብቃል።

«ጋሽ ኑሬ መረቤን እየበጣጠሰብኝ ተጣልተናል፤ አልክድም» አለ ሽኩር። «ግን ወላሂ ትናንት ወለንጪቲ ውዬ አድሬ ዛሬ ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ መግባቴ ነው! ከወሰዱኝ ልጆቼ ዳግም አያዩኝም።»

«ጠዋት ነዋ የገደልከው!» አለ ካድሬው።

«ልክ ነው ጓድ» አለች ፀሐይቱ። «ዓሣዎቹንም ከማሰርዎ በፊት ግን ትንሽ ልጠይቅ።»

አውሮፕላኑን ቀረብ ብላ አየችው። በዓለም ጦርነቱ ጊዜ ባሕር ላይ የጠላት መርከብ ያሳድድ ነበር አሉ። ሰላም ሲወርድ መሣሪያውን አውልቀው ወንበር ገጠሙለት፤ ፖስታና በሽተኛ፣ ኋላም ላንጋኖ የሚዝናና ሀብታም አመላለሰ። አብዮት ሲመጣ ፈረንጁ አብራሪ አገሩ ገባ፣ መለዋወጫ ጠፋ፣ መካኒኩ ኑሬ ብቻ ቀረ። ጀልባ ከሚመስሉት ሁለት እግሮቹ ግራው ሰምጦ አውሮፕላኑ ዘምሟል።

«እትዬ እልፍነሽ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ይዘማል?»

ሻይ ሻጯ እልፍነሽ ዓይኗን ጠረገች። «ግራ እግሩ ሌሊት ውሃ ያስገባል፣ ልጄ። ጎህ ሲቀድ ጋሽ ኑሬ የእግሩን የጎማ ውታፎች እየነቀለ ውሃውን ሲመጥጥለትና መልሶ ሲወትፈው ቀጥ ይላል። ‹ከሚስት ይበልጣል፣ በየቀኑ ይፈልገኛል› ይል ነበር። ሌላ ማን ነበረው ብለሽ?»

«ዛሬስ ማን አየው?»

«እኔ ሰምቼዋለሁ» አለ የንብረት ክፍሉ ሰው ደሊል፤ አውሮፕላኑ ቀልጦ ድስት ይሁን ባይ እሱ ነው። «ጠዋት በፓምፑ ሲመጥጥ ሰማሁት። ከዚያ ሽኩር መጣ።»

«ፓምፑን የነካ አለ?»

«ማንም» አለ ካድሬው።

ፀሐይቱ ጎንበስ ብላ ውታፎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ከዚያ ሰዎቹን ሁሉ ሰበሰበቻቸው።

«እየመጠጠ ወድቆ ቢሆን አንዱ ውታፍ ተነቅሎ ይገኝ ነበር። ሁሉም እንደተወተፉ ናቸው። ጨርሶ ወድቆ ቢሆን ደግሞ አውሮፕላኑ ቀጥ ይል ነበር። ስለዚህ ዛሬ ውሃ የመጠጠ ሰው የለም። ጋሽ ኑሬ ጎህን አላየም፤ ትናንት ነው የሞተው። ሽኩር ደግሞ ትናንት ወለንጪቲ ነበር። ዛሬ እየሠራ የሞተ እንዲመስል ፓምፑን ያጋደመው ሰው ሟቹ በምን እንደሚሠራ ያውቃል፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን አጠገቡ ቆሞ አይቶት አያውቅም። ያልነበረ ድምፅ የሰማውም እሱ ነው። ደሊል?»

ካድሬው ማንም ሳያዘው የሽኩርን ገመድ መፍታት ጀመረ።

ደሊል መሬት ላይ ቁጭ አለ። «አውሮፕላኑን ሊያፈርሱት እንደሚመጡ ልነግረው ሄድኩ። ‹ፀሐይ እስክትጠልቅ ውስጡ ቁጭ ብለን እናውጋ› አለና እጄን ያዘ። አልለቅ ሲለኝ ገፈተርኩት። ዋና የሚያውቅ መስሎኝ ትቼው ሄድኩ፤ ጠዋት ሞቶ ሳገኘው ፓምፑን አጋደምኩ።»

«ስትሄድ አልጠራህም?»

«ጠርቶኛል።»

«ታዲያ ለምን አልተመለስክም?»

ደሊል ቀና ብሎ አያት። «ሁልጊዜ ይጠራኛል፣ መቶ አለቃ። ጥዬው በሄድኩ ቁጥር ይጠራኛል።»