ሁለት ረድፍ ካሴት

መምህር ሽመክት ሞቶ የተገኘው በባዶ እግሩ ነበር። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በጀርባው ወድቋል። ቀኝ እጁ ወደ አምፕሊፋየሩ እንደተዘረጋ ደርቋል፤ ጫማው በሩ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል። የቢቸና ሰው ሬሳውን ሳያይ ፍርዱን ሰጠ። «ያ ጩኸት ገደለው» ተባለ።

ጩኸት የተባለው ሙዚቃው ነው። ሽመክት ፊዚክስ ያስተምራል፤ ከፊዚክስ ቀጥሎ የሚወደው «ዋሻ ባንድ» የተባለውን የሮክ ቡድን ነበር። ተማሪዎቹ ግን ከፊዚክስም በፊት ነው ይላሉ። ባንዱ ድሮ ምሥራቅ ጎጃምን እየዞረ ሲጫወት፣ ሽመክት ቴፑን አንግቶ ከደጀን እስከ ሞጣ ተከትሎታል። በየኮንሰርቱ ሕዝብ መሃል ቆሞ ይቀርጻል። ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ዘፈን ስጡት ቢባል ፊቱን ያዞራል፤ ላብ የሌለበት ሙዚቃ አይጥመውም። ባንዱ ፈርሶ እንኳ ካሴቶቹን እያዳመጠ ነበር የኖረው።

ፖሊሶች አምፕሊፋየሩን ሲፈቱት ኤሌክትሪክ የሚያስገባው ሽቦ ተልጦ ከብረት ሽፋኑ ጋር ተጠምዝዞ ተገኘ። ዕቃውን በቅርቡ የጠገነው ሙሂዲን ነው፤ በሞጣ ሬዲዮና ቴፕ የሚሸጥ፣ የሚጠግን፣ የሽመክት የልብ ወዳጅ። ሽመክት በሞተበት ዕለት ደግሞ ቢቸና ገበያ ታይቷል። በቃ፣ ታሰረ። ሚስቱ ዘሚራ ሱቁን ዘግታ ከሞጣ መጣችና ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ተቀመጠች። «ሰው ገዳይ አግብቼ አላውቅም» ከማለት በቀር ለማንም ሌላ ቃል አልተናገረችም።

መዝገቡ ኢንስፔክተር የሺእመቤት ዘንድ የደረሰው እንዲህ ካለቀለት በኋላ ነው። የሺእመቤት ያለቀለት ነገር አይጥማትም። ቀስ ብላ ትራመዳለች፣ የሞኝ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ሰው ሲንቃት ደስ ይላታል። ስለ ሮክ የምታውቀው ጆሮ እንደሚያሳምም ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የሟቹን ክፍል አየች። አከራዩ አቶ ወልደ ኪዳን፣ ነጠላቸውን ደርበው ከኋላዋ ገቡ።

«ጣሪያው ነው ያፈሰሰ» አሉ። «ሰሞኑን ዝናቡን ያዩታል። ላስጠግን ላስጠግን ስል ሰው በላብኝ።»

የሺእመቤት ወንበር ላይ ወጥታ ኮርኒሱን በመዳፏ ዳበሰች። እጇ ላይ የቀረው አቧራ ብቻ ነበር።

«ጣሪያዎ ላይ አይፍረዱ፤ ጥፋት የለበትም። ውሃውን ሰው ነው ያመጣው።»

ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ ትልቅ የእንጨት ሣጥን መሬት ላይ ተቀምጧል። ባዶ ነው፤ የታችኛው ሳንቃ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። ካሴቶቹ አልጋው ላይ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። አንድም የረጠበ የለም።

«እነዚህን ማን አወጣቸው?»

«እሱ ራሱ ይሆናላ፤ ውሃው ሲመጣበት። እኛስ ሬሳው ሲገኝም እንደዚሁ ነበሩ፤ ማንም አልነካቸው። ታቦት አድርጓቸው ነበር እኮ! እኔን እንኳ አያስነካኝም።»

«ሣጥኑን እንዳለ ለምን አላነሳውም?»

«ሁለት ጎረምሳ አያነሳውም።»

«ቤቱ ይቆለፋል?»

«ቁልፉ ከመስኮቱ በላይ ነው። ወዳጆቹ ሁሉ ያውቁታል፤ ቤቱ የእነሱም ቤት ነበር።»

«ጫማውን ለምን አወለቀ?»

ሽማግሌው ፈገግ ሊሉ ብለው ተዉት። «ድራሙን በእግሬ ነው የምሰማው ይል ነበር። ጫማ አድርጎ አንድ ቀን አዳምጦ አያውቅም። እኔ ለቅዳሴ ነው የማወልቀው፤ እሱ ለዚህ።»

የሺእመቤት ካሴቶቹን ጎንበስ ብላ አየች። በሽመክት እጅ የተጻፈው የከተማ ስምና ቀን ብቻ ነው። አንደኛው ረድፍ ከደጀን ጀምሮ ወደ ሞጣ ይዘልና ተመልሶ ቢቸና ይገባል። ቀኖቹም ወደፊት ሄደው ወደኋላ ይመለሳሉ። ከመሃል አንድ ባዶ ማቀፊያ አገኘች፤ «ሞጣ» ይላል፤ ውስጡ ካሴት የለም።

ሙሂዲን ከእስር ክፍሉ ሲመጣ ፂሙ አድጎ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ ነበር።

«አምፕሊፋየሩን የጠገንከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ግን እኔ ሽቦ በጣት ጠምዝዤ አልተውም፤ በይጄ፣ በፕላስተር ጠቅልዬ ነው የምዘጋው። በባዶ እግሩ እንደሚያዳምጥ እያወቅኩ!»

«የሞጣውን ኮንሰርት ማን ነው የቀረጸው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ አለ። «ሽመክት ነዋ! ዝናብ ነበር፤ ሕዝቡ ግማሹ ተበተነ፣ ባንዱ ግን ከመድረክ አልወረደም። ቴፑ እንዳይረጥብ ጃንጥላ የያዝኩለት እኔ ነኝ፤ ራሴ በስብሼ። ቅጂውን ቢሰሙት ዝናቡ ጃንጥላው ላይ ሲወርድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማል። ከዋሻ ኮንሰርቶች ሁሉ እሱን የሚያህል የለም።»

«ሌላ ማን ነበር?»

«ሁለታችን ብቻ። ሌላው ወዳጃችን ይታገስ ታሞ ተኝቶ ነበር። እንዳለፈው ሲሰማ አለቀሰ፤ ሽመክት አንጀቱ አልችል ብሎ ከሁሉ በፊት ለእሱ ቅጂ ገለበጠለት።»

«ሽመክት በሞተበት ዕለት እዚህ ከወዳጆችህ ማንን አየህ?»

ሙሂዲን መሬት መሬት አየ። «ገበያ ነው። ስንቱን አያለሁ?»

«ከወዳጆችህ አልኩህ።»

«ኢንስፔክተር፣ ወዳጆቼን ከዚህ ነገር ያውጡልኝ።»

የሺእመቤት አልጫነችውም። ሄዳ ማስተዋልን አገኘቻት። ማስተዋል ከአዳማ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት፤ በማታውቀው አገር ብቸኝነት ሲያስጨንቃት፣ ሽመክት በዋሻ ባንድ አማካይነት ወዳጅ ያደረጋት።

«ደውሎልኝ ነበር» አለች። «‹እሑድ ኑ፤ የሞጣውን ዋናውን ካሴት አሰማችኋለሁ፤ የምነግራችሁም አለ› አለኝ። ደነገጥኩ። ዋናውን አጫውቶ አያውቅም፤ እንዳይበላሽበት ሁልጊዜ የሚያሰማን ቅጂውን ነው።»

«ተቆጥቶ ነበር?»

«መቆጣት አይደለም። የከፋው ሰው ድምፅ ነው።» ስልኳን አውጥታ የባንዱን ገጽ አሳየቻት። ዋሻ ባንድ ዳግም ተሰብስቧል፤ የሞጣውን ኮንሰርት በአልበም ሊያወጣው ነው። ባሕር ዳር ላይ በሚደረገው ዝግጅትም «ይህን ቀርጾ ያቆየልንን አድናቂያችንን ይታገስን» መድረክ ላይ ጠርቶ ሊያመሰግን ነው።

«እኔ ሞኟ ደስ አለኝ» አለች ማስተዋል። «ይታገስ ነው የቀረጸው መስሎኝ።»

«ካሴቶቻችሁን እንዴት ነው የምትደረድሩት?»

ማስተዋል በጥያቄው ግራ ተጋባች። «ሽመክት በመንገዱ፤ ከደጀን ተነስቶ ሞጣ ይደርሳል። ሙሂዲን በዓመት። የእኔ ሁሉ ስልኬ ውስጥ ነው። የይታገስን እንጃ፤ ቤቱ ሄጄ አላውቅም።»

ይታገስ ሞጣ ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምራል። እንግዳዋን ተነስቶ ተቀበላት፣ የሽመክት ስም ሲነሳም እንባው መጣ። ያ እንባ የውሸት አልነበረም፤ ነገሩን የከፋ የሚያደርገው ይኸው ነው።

«ያን ዕለት ከሞጣ አልወጣሁም። ፈተና እያረምኩ ነበር» አለ። «ሙሂዲንን መክሰስ አልፈልግም፤ ለፖሊስም የተናገርኩት ተጠይቄ ነው። እጁ ግዴለሽ ነው። ሽመክትን ‹ይህን ሰው ዕቃህን አታስነካ› ብዬዋለሁ። በመካከላቸውም ቅያሜ ነበር።»

«የሞጣውን ኮንሰርት አንተ ነህ አሉ የቀረጽከው።»

«እኔ ነኝ።»

«ዝናብ ነበር አሉ። ቴፑ እንዴት ተረፈ?»

«ኮቴ ውስጥ ሸጉጬው ነበር።»

«ጃንጥላ አልነበረህም?»

«ያን ጊዜ የትኛው ጎረምሳ ነው ጃንጥላ የሚይዝ?» ብሎ ሳቀ።

የሺእመቤትም አብራው ሳቀች። «እኔ እንኳ ሁሉም ዘፈናቸው አንድ ነው የሚመስለኝ።»

ይታገስ እንደተሰደበ ሰው ቀና አለ። «እንዴት አንድ ይሆናል? ባንድ ማለት ድራመሩ ነው! ዋሻ ሁለት ድራመር ነበረው፤ ጓዴና ኃይለ ጊዮርጊስ። አንዱ ሲቀር አንዱ ይመጣል፣ በየኮንሰርቱ ይፈራረቃሉ። ሌላው ሰው ዘፋኙን ያያል። እኔ በመጀመሪያው ምት ማን እንደተቀመጠ አውቃለሁ።» ጣቶቹ ጉልበቱን ይደበድባሉ።

«እስቲ የጓዴን አሰማኝ።»

እጁ ሳያይ ወደ መደርደሪያው ግራ ሄደ።

«የኃይለ ጊዮርጊስንስ?»

እጁ ሳያይ ወደ ቀኝ ሄደ። የሺእመቤት እስኪያልቅ አዳመጠችና አመስግና ወጣች። ቢቸና እንደተመለሰች ማስተዋልን ከአልጋው ካሴቶች ጋር አስቀምጣ፣ በእያንዳንዱ ላይ ድራም የሚመታው ማን እንደሆነ እንድትለይላት ለመነቻት። ማስተዋል እየሰማች በሄደች ቁጥር ፊቷ ጠቆረ።

በማግስቱ ከሰዓት ሁሉንም በሽመክት ክፍል ሰበሰበቻቸው። አቶ ወልደ ኪዳን በሩ ሥር ተቀመጡ። ማስተዋል ግድግዳ ተደገፈች። ይታገስ አንድ ወንበር ያዘ። ሙሂዲንን ፖሊስ ይዞት ገባና ከይታገስ አጠገብ አስቀመጠው፤ ሙሂዲን ጎንበስ ብሎ ጓደኛውን ትከሻውን ሳመው።

«ሙሂዲን ነው ገዳዩ እንበል» አለች የሺእመቤት። «ሽቦውን ሲጠግን ለቀቀው። ውሃውንስ ማን አመጣው? ጣሪያው ደረቅ ነው። ካሴቶቹን አልጋ ላይ ያወጣ ሰው ውሃ ወለሉ ላይ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር።»

«ሽመክት አውጥቷቸው ከሆነስ?» አለ ይታገስ።

«የፊዚክስ መምህር ካሴቱን ከውሃ አድኖ፣ በባዶ እግሩ ውሃው ላይ ቆሞ ማብሪያውን ይነካል? ደግሞም ሽመክት በመንገዱ ነው የሚደረድረው፤ እነዚህ በመንገዱ አይደሉም። በዓመትም አይደሉም፤ ስለዚህ የሙሂዲንም እጅ አይደለም። ማስተዋል፣ ይህ ረድፍ የማን ነው?»

«የጓዴ» አለች ማስተዋል። «ሁሉም። ያኛው ደግሞ ሁሉም የኃይለ ጊዮርጊስ።»

«ገዳዩ፣ ሽመክት ትምህርት ቤት ሳለ፣ ቁልፉን አንስቶ ገባ። ሽቦውን ላጠ። ሽመክት ጫማውን እንደሚያወልቅ ስለሚያውቅ፣ አንዴ ነክቶት እንዳይተርፍ ወለሉን ማራስ ፈለገ። ያን ጊዜ ሣጥኑን አየ። ጓደኛውን ለመግደል ያልሳሳ ሰው ለካሴቶቹ ሳሳ! እፍኝ እፍኝ እያነሳ አልጋው ላይ አወጣቸው፤ ልቡ ሌላ ቦታ ስለነበር እጁ ቤቱ እንደለመደው ደረደረ። ግራ ጓዴ፣ ቀኝ ኃይለ ጊዮርጊስ። ሽመክት ሲመሽ በጨለማ ገብቶ እንደ ልማዱ ጫማውን በሩ ሥር አወለቀ፤ እግሩ እርጥበቱን ሲያገኝ እጁ አምፕሊፋየሩ ላይ ደርሶ ነበር።»

ይታገስ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ደረቀ። «በካሴት ድርደራ ሰው ይታሰራል? እኔ ከሞጣ አልወጣሁም። ለምንስ እገድለዋለሁ?»

«ባሕር ዳር መድረክ ላይ ስምህ እንዲጠራ። ቅጂውን የሰጠህን ሰው ቀረጻ የእኔ ነው አልክ። ሽመክት እሑድ ዋናውን ሊያሰማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከእነዚህ ሰዎች ፊት አትቀመጥም። ቴፑን ኮቴ ውስጥ ሸጉጬ ነው የቀረጽኩት አልከኝ። ቅጂው ላይ የሚሰማው ግን የሙሂዲን ጃንጥላ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ብቻ አዘንኩብህ። ዋናውን የሞጣ ካሴት ማቃጠል አልነበረብህም።»

«አላቃጠልኩትም!» ይታገስ ብድግ አለ። «እኔ? የሞጣውን? ማን መሰልኩዎት? ነፋስ እንኳ እንዳይነካው በጨርቅ ጠቅልዬ…»

ቀሪው አፉ ውስጥ ቀረ።

«ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አሉ አቶ ወልደ ኪዳን፣ ለራሳቸው።

የሺእመቤት ወደ ሙሂዲን ዞረች። «አይተኸው ነበር አይደል?»

ሙሂዲን መለሰ። «መናኸሪያ፣ ከሚኒባስ ሲወርድ። ጠራሁት። አልሰማኝም ብዬ ተውኩት።»

«ታስረህ እንኳ ለምን ደበቅክ?»

«ብናገር እሱንም ያስሩታል። ንጹሕ ሰው ለምን ይንገላታ? አንዳችን እንበቃለን ብዬ ነው።»

«እሱ ግን ቃል ሲሰጥ ‹የሙሂዲን እጅ ግዴለሽ ነው፣ ከሽመክት ጋር ቅያሜ ነበረው› ብሎ መስክሮብሃል።»

ሙሂዲን ቀደም ሲል የሳመውን ትከሻ አየው። እንባው ያን ጊዜ ነው የመጣው፤ በእስር ቤት ሁሉ ያላለቀሰውን አለቀሰ። ይታገስ ከወንበሩ ወርዶ ተንበረከከ፣ የሙሂዲንንም እግር ያዘ።

«ይቅር በለኝ፣ ሙሂዲን። በፈጠረህ ይቅር በለኝ።»

ሙሂዲን እግሩን አላሸሸም። ዝቅ ብሎ የጓደኛውን እጆች ከእግሩ ላይ አንድ በአንድ አነሳቸው።

«ለእስሩ ይቅር ብዬሃለሁ» አለው። «ለመሰከርክብኝም ይቅር። የሽመክትን ግን ከየት አምጥቼ ልስጥህ?»