ባንኮኒ ላይ የተገኘ ሁሉ ይሰካል

«በጣቴ ስጫነው ወደ ውስጥ ይሰምጣል» አለች ኩልሱም። ባትሪውን ለሻጩም ሳትመልስ፣ ለለሚም ሳታቀብል በመዳፏ ይዛ ቆማለች።

«አዲስ እኮ ነው። ማሸጊያውን አታዪም?» አለ ለሚ።

ማሸጊያውማ አዲስ ነበር፤ ሰማያዊ፣ የሚያብረቀርቅ፣ መብረቅ የተሳለበት። ኩልሱም ግን ሱቅ ውስጥ ያደገች ልጅ ናት፤ አዲስ ማሸጊያ ስታይ መጀመሪያ የምታስበው ከሥሩ ምን እንዳለ ነው። ጠርዙን በጥፍሯ ገለጥ ስታደርገው ሌላ የተፋፋቀ ግራጫ ማሸጊያ ብቅ አለ። ገመዱም መሐል ላይ ተቆርጦ በናስትሮ ተቀጥሏል። ሻጩ ድንገት የጎረቤቱን ጫማዎች መመልከት ጀመረ።

የናካዋ ገበያ በዚያ ዓርብ ቀትር ሰው በሰው ሆኗል። ሁለቱ ልጆች ከጠዋት ጀምሮ የሬዲዮና የስልክ ዕቃ የሚሸጥበትን መደብ ሁሉ ዞረው፣ በሪሞት ለምትነዳው መኪናቸው የሚሆን ባትሪ ሲፈልጉ ነበር። ውድድሩ ነገ ኪዋቱሌ ሜዳ ላይ ነው። መኪናዋ ለሚ እቅፍ ውስጥ ናት፤ ያለ ባትሪ ግን ከጌጥ አትሻልም።

የድሮዋ ባትሪያቸው ባለፈው ቅዳሜ እንደ ሳምቡሳ ተነፍታ ተገኘች። ቡድናቸውን የምትመራው አያንቱ የምህንድስና ተማሪ ናት። ብዙ ሕግ አታወጣም፤ በአንድ ነገር ግን ቀልድ አታውቅም። የተነፋ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፣ አይበሳም፣ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፤ ለእሷ ይሰጣል። «የታለች?» ብላ ስትጠይቃቸው፣ ለሚ ዓይኑን በጨው ታጥቦ «አጎቴ ጋራዥ ወስዶ አስወገዳት» አላት። አዲስ ካልተገኘ ለአንድ ውድድር ብቻ ሊጠቀምባት አስቦ ነው። ኩልሱም አጠገቡ ነበረች። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ የእሷ ዝምታ ግን ሳምንቱን ሙሉ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ሲቆረቁራት ከረመ።

ስልኳ ጮኸ። አባቷ ነው።

«ኩልሱም፣ ዕቃሽን ባንኮኒው ላይ ረስተሽ ሄድሽ» አላት። ድምፁ እንደሚቸኩል ሰው ነው። «ነገ ውድድር አለብሽ አይደል? ሰክቼልሻለሁ። አንቺ ስታደርጊ እንዳየሁት ነው ያደረግሁት፤ ቀይ መብራቱ በርቷል። በይ ልዝጋ፣ ጁምዓ ደረሰ።»

«የቱን ዕቃ?» ለማለት አፏን ስትከፍት ስልኩ ተዘግቷል።

የቱ እንደሆነ ለመገመት ጊዜ አልወሰደባትም። ለሚ ደብቂልኝ ብሎ የሰጣትን ባትሪ ጠዋት ልትመልስለት ከነቻርጀሯ በፌስታል አድርጋ ይዛ ወጥታ ነበር። የጫማዋን ክር ልታስር ጎንበስ ስትል ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ አኖረችው፤ ከዚያ ለሚ ከውጭ ተጣራ፤ በዚያው ቀረ።

አባቷ ሙሐመድዘይን ኪቡሊ ሰፈር ውስጥ ከመስጊዱ ቁልቁል ትንሽ ሱቅ አለው። የመብራት ካርድ ያለቀባቸው ጎረቤቶች ስልካቸውን፣ ፋኖሳቸውን፣ የፀጉር መላጫቸውን ሳይቀር አምጥተው ባንኮኒው ላይ ትተው ይሄዳሉ። የማን ነው፣ ስንት ሰዓት ይቆይ፣ ብሎ ጥያቄ የለም። ባንኮኒ ላይ የተገኘ ሁሉ ይሰካል። ሰፈሩ የሚያውቀው ደንብ ይህ ነው፤ አባቷም በዚህ ደንብ የሚኮራ ሰው ነው።

መልሳ ደወለች፤ ዝግ ነው። ለሰላት ሲገባ ስልኩን ያጠፋል።

«ለሚ፣ የተነፋችው ባትሪ ተሰክታለች። አባ ሱቁን ቆልፎ መስጊድ ገብቷል።»

ለሚ ትንሽ አሰበና «አታካብጂ፣ እስካሁን ምን ሆነች?» አለ። ፊቱ ግን ከአፉ ጋር አልተስማማም፤ ቀልቶ ነበር። ኩልሱም የሻጩን ባትሪ መደቡ ላይ አስቀምጣ ሰው የሚያመላልስ ሞተር ብስክሌት፣ ቦዳ፣ ልትጠራ ሮጠች።

የጂንጃ መንገድ በመኪና ተጨናንቋል። ሁለቱን ከኋላ የጫነው ቦዳ በታክሲዎች መሐል እየተሹለከለከ ሲሄድ፣ ኩልሱም ሂጃቧን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው የነጂውን ጃኬት ጨብጣ፣ «ያ አላህ፣ አንተው ጠብቅልን» ከማለት ሌላ ቃል ጠፋባት። ያን ሱቅ እናትና አባቷ ስንት ዓመት ለፍተው እንዳቆሙት ታውቃለች። ከነሸቀጡ፣ ከነሰው ስልኩ ቢነድስ? ሁለተኛው ቁልፍ እናቷ ጋ ነው፤ እናቷ ደግሞ የራሷን ወንድም ልትጠይቅ ጂንጃ ከተማ ሄዳ ገና አልተመለሰችም።

ሲደርሱ በሩ ላይ ያ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ኩልሱም ዓይኗን ወደ በሩ ስንጥቅ አስጠጋች። በጨለማው ውስጥ ቀይዋ መብራት ትታያለች። ጭስ የለም። ገና ነው።

ሱቁና አጠገቡ ያለው ልብስ ስፌት ቤት በአንድ ቆጣሪ ነው የሚጠቀሙት፤ ሳጥኑ ውጭ ግድግዳው ላይ ነው። ኩልሱም ክዳኑን ከፍታ ማብሪያውን ወደ ታች ሳበችው። በስንጥቁ ስታይ ቀይዋ መብራት ጠፍታለች። ከጎረቤትም የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ።

«ይኸው፣ ሄደ ደግሞ» የሚል ድምፅ ተሰማ። እትዬ ሂንድ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ከስፌት ቤቱ በር ብቅ አሉ። «ለዐስር ሰላት የሚደርስ የሠርግ ቀሚስ ይዤ! መብራት እኮ ሰው ሲቸኩል ያውቃል። የእናንተም ጠፋ?»

ለሚ ወደ ኩልሱም ጠጋ ብሎ «አዎ በያቸው» አለ በሹክሹክታ። «መብራት ሄደ፣ አለቀ። አባትሽ ሲመጣ ቀስ ብለን እናወጣታለን። ማንም አያውቅም።»

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ አጓጓት። ለመዋሸት እንኳ አያስፈልጋትም ነበር፤ ሴትየዋ ራሳቸው ዋሽተውላታል። ራሷን ብቻ ብትነቀንቅ ይበቃል።

«እስኪመጣ ከልጄ ጎን ጋደም ልበል» አሉ እትዬ ሂንድ ወደ ውስጥ እየተመለሱ። ኩልሱም በበሩ አሻግራ አየች። ሕፃኗ የጨርቅ ክምር ላይ ተኝታለች። ክምሩ ያለው በጣውላው ግድግዳ ሥር ነው። ከጣውላው በዚያ በኩል ደግሞ የአባቷ ባንኮኒ አለ። አያንቱ ያለችው ትዝ አላት፦ የተጎዳ ባትሪ ከተነቀለ በኋላም ሊነድ ይችላል።

«እትዬ ሂንድ፣ መብራት አልሄደም» አለች። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሱቁ ውስጥ የተበላሸ ባትሪ ተሰክቶ ነበር፤ እሳት ሊነሳ ይችላል። እባክዎ ሕፃኗን ይዘው ይውጡ።»

ሴትየዋ አንድ ቃል ሳይጠይቁ ገብተው ልጃቸውን ከነጨርቋ አፍሰው ወጡ። ከመንገዱ ማዶ ከቆሙ በኋላ ነው የተናገሩት። «ሩጪ፣ አባትሽን ጥሪው። እኔ ማንም ሰው ወደዚያ ሳጥን እንዳይጠጋ እጠብቃለሁ። አንተ ልጅ፣ ምን ይገትርሃል? ከዚያ ግንባታ አሸዋ በባልዲ አምጣ።»

ኩልሱም ዳገቱን በሩጫ ወጣችው። ኹጥባው፣ የጁምዓው ስብከት፣ ተጀምሯል። ኹጥባ ሲደረግ ማውራት ክልክል ነው፤ የሚያወራውን ሰው «ዝም በል» ማለት እንኳ አይፈቀድም። በወንዶቹ በር በኩል ገብታም አታውቅም። ጫማ ከተደረደረበት ቦታ ስትደርስ ቆም አለች። ደግነቱ አባቷ ሁልጊዜ የሚቀመጠው መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ ነው፤ ሰላቱ እንዳበቃ ሱቁን ቀድሞ ለመክፈት። እጇን ዘርግታ ትከሻውን ነካችው።

ዞሮ አያት። ፊቷን ካየ በኋላ ሌላ ማስረጃ አልጠየቀም። ዝም ብሎ ተነሣ፣ ጫማ አጠለቀ፣ ተከትሏት ወጣ። ነገሩን የነገረችው ቁልቁል እየሮጡ ነው፤ እሷ በሳግ፣ እሱ በ«ኢንሻአላህ፣ ኢንሻአላህ»።

በሩ ሲከፈት የሚጣፍጥ የሚመስል፣ ግን የሚያስጠላ ሽታ ወጣ። ባትሪዋ በጎረቤት ስልኮች መሐል ተቀምጣለች፤ ጠዋት ሳምቡሳ የነበረችው አሁን ትራስ ሆናለች። እትዬ ሂንድ የከሰል ካውያቸውን መቆንጠጫ አቀበሉት። አባቷ ቻርጀሩን በቀስታ ነቀለ፣ ባትሪዋን በመቆንጠጫው ያዛት፣ ክንዱን ወደ ፊት እንደዘረጋ ወጥቶ ለሚ ባመጣው ባልዲ አሸዋ ላይ አኖራት። ባልዲው ከቤቶቹ ርቆ ባዶው ቦታ ላይ ነው። ሁሉም ወደ ኋላ ሸሸ።

ጠበቁ። ምንም የለም። አንድ ቦዳ አለፈ። ለሚ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ይኸው፣ እኔ እኮ አላልኩም? ዝም ብላችሁ ነው የምታካ...»

ባልዲው ፉጨት አሰማ። ነጭ ጭስ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ተከትሎ የክንድ ርዝመት ያለው ነበልባል ተፈናጠረ። ሕፃኗ አለቀሰች። አባቷ በአካፋ ከሩቅ አሸዋ ደራረበበት፤ እየቆየ ጭሱ ሳሳ፤ መጨረሻ ላይ ጥቁር ቅርፊት ብቻ ቀረ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ አባቷ። ኩልሱም ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ባንኮኒው አለ፣ ስልኮቹ አሉ፣ ሕፃኗ በእናቷ ትከሻ ላይ ሆና ትነጫነጫለች። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ለቅሶ ሰምታ አታውቅም። እንባዋ ሲመጣ ቀና ላለማለት መሬት መሬቱን አየች፤ የዚህን ጊዜ የአባቷን እግር አስተዋለች። ቀኝ እግሩ ላይ የራሱ ሰንደል ጫማ፣ ግራው ላይ ደግሞ የሌላ ሰው የተወለወለ ጥቁር ቆዳ ጫማ ነበር።

«አባ፣ ጫማህ...»

አባቷ ጎንበስ ብሎ አየና «ሰውየው ሲወጣ ጫማውን ያጣል፤ ዱዓውን አበላሸሁበት» አለ። መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ሂንድ ናቸው። ከዚያ አባቷ፣ ከዚያ እሷም፣ እንባዋን ሳትጠርግ።

ሳቁ ሲበርድ አባቷ አጠገቧ ተቀመጠ። «የሰካሁት እኔ ነኝ» አለ። «ከዛሬ በኋላ ባንኮኒው ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ሳልጠይቅ አልሰካም። አንቺ ግን መበላሸቷን እያወቅሽ ለምን ይዘሻት ቆየሽ?»

ነገረችው። የአያንቱን ሕግ፣ «አጎቴ ጋራዥ» የተባለውን፣ የራሷን ዝምታም ጭምር። አባቷ አልተቆጣም። «አያንቱ ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከአንቺ ብትሰማው ይሻላል» ብሎ ማብሪያውን ወደ ላይ መለሰ፤ ጫማውን ሊመልስም ዳገቱን ወጣ። ከስፌት ቤቱ መኪናው እንደገና መንጫጫት ጀመረ።

ለሚ መኪናዋን አንሥቶ መጣ። «የናካዋው ሰውዬ እስከ ማታ አለ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ ባልዲው ተመለከተና «እሺ፣ ተይው» አለ።

ኩልሱም አያንቱ ጋ ደወለች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳታስውብ ነገረቻት።

«ሁላችሁም ደህና ናችሁ?» አለች አያንቱ።

«ደህና ነን።»

«እንግዲያው ቁጣው ነገ ሜዳው ላይ ይሆናል። ጥሩ አድርጌ እቆጣችኋለሁ።» ትንፋሿ ረዘም ብሎ ተሰማ። «ስሚኝ። ከታመነ ቦታ አዲስ ባትሪ የሚያመጣልኝ ሰው አለ፤ ግን የሚመጣው በሚቀጥለው ወር ነው። አሁን እጄ ላይ ያለው ያ የድሮው ዓይነት ነው፤ ጠንካራ ፕላስቲክ የለበሰው፣ ከባዱ። እንደነዚህኞቹ በቀላሉ አይነድም። ለእናንተ መኪናም ይሆናል፤ ግን ቀርፋፋ ነው። በዚያ ከተወዳደራችሁ መጨረሻ ትወጣላችሁ፤ እንዳትሸወዱ።»

ኩልሱም ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና ለሚን አየችው። ዓመቱን ሙሉ ያለሙት ስለ አንደኛነት ነው። ለሚ የሰማ መሰላት፤ መኪናዋን ጭኑ ላይ ገልብጦ ጎማዋን በጣቱ ያሽከረክራል።

«መጨረሻ ነው?» አለ።

«መጨረሻ።»

ጎማዋ ዞራ ዞራ ቆመች። ለሚ አሸዋ የነካ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ዘረጋላት። «ስልኩን ስጪኝ። የጋራዡን ውሸት ያወራሁት እኔ ነኝ።»

«መጀመሪያ እኔ ልጨርስ» አለች ኩልሱም፤ ስልኩንም ወደ ጆሮዋ መለሰች። «አያንቱ፣ ከባዱን እንወስዳለን። ለሚ ደግሞ የሚነግርሽ አለው።»