ትልቁ ድራጎን፣ ዮኒ እንዳለው

«ጥቁሩ ሁለት ሲኖትራክ ያክላል እያልኩሽ ነው! ትናንት ክንፉን ሲዘረጋ ግንቡ በሙሉ ጥላ ውስጥ አልገባም?» ኪሩቤል ዴስክ ላይ ወጥቶ ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቷል።

«ባክህ አትቀልድ» አለችው ሬሐና። «ቀዩ ነው የሚበልጠው። ስንት ወታደር ጀርባው ላይ ጫነ! ያንተው ጥቁር አንዲት ንግሥት ተሸክሞ ያለከልካል።»

በአማርኛ ተተርጉሞ የሚታየው ያ የድራጎኖች ተከታታይ ፊልም ከመጣ ወዲህ ቡራዩ ውስጥ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ሌላ ወሬ የለውም። ድራጎን ደግሞ በሜትር አይለካም፣ በመኪና ነው። ትንሹ ባጃጅ፣ ቀጥሎ ሚኒባስ፣ ከዚያ ቅጥቅጥ፣ ከዚያ ሲኖ። መለኪያውን ያወጣው የሲድራ ወንድም ዮኒ ነው። በአስኮ መስመር የታክሲ ረዳት ሳለ፣ ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ «አንድ ሰው ብቻ» እያለ ሦስት የሚጭን ልጅ ነበር። በስፋትና በጥበት ጉዳይ ከእሱ ወዲያ ላሳር!

ክርክሩ ሲጦፍ ሁሉም ወደ ሲድራ ዞሩ። «ዮኒ ምን አለ?»

ሲድራ የጎረሰችውን ሳምቡሳ ዋጠች። «ማታ ቮይስ ልኮልኛል። ቀዩ ይረዝማል፣ ጥቁሩ ይወፍራል ነው ያለው። ቀዩ ተሳቢ፣ ጥቁሩ ሲኖ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ዮኒ እኮ አራዳ ነው» አለ ኪሩቤል፣ ከዴስኩ እየወረደ።

ምን ዋጋ አለው፣ ውሸት ነበር። ዮኒ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጣ፣ «ናይሮቢ ገባሁ» ብሎ አንዴ ደወለ፣ ከዚያ በኋላ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ሲድራ መጀመሪያ ሲጠይቋት «ደህና ነው» ማለት ቀለላት። ከዚያ «እንዲህ አለ» ማለት ጀመረች። የሬሐና አባት ኦቦ ከማል እንኳ፣ በሞያሌ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ናቸውና፣ «ድምፁ ከጠፋ ንገሪኝ፣ እዚያ የማውቃቸው ደላሎች አሉ» ብለዋት ነበር። ለእሳቸውም «ደውሏል» አለቻቸው። አፏ ሲዋሽ ልቧ ምንም አይላትም። ለማልቀስም ሞክራ አልመጣላት አለ። ጥርስ ሊነቀል ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ጉንጩን ሲነካካ እንደሚሆነው፣ ነገሩ እዚያው እንዳለ ታውቃለች እንጂ አይሰማትም።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷን ወይዘሮ አሰጋሽን በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው። በዚህ ሰዓት ልብስ ሱቃቸው ውስጥ መሆን ነበረባቸው።

«ዛሬ ሱቅ የለም እንዴ እማ?»

«ዘግቼው መጣሁ። ሬሐና ለምሳ ስትገባ ለእናቷ ነግራት፣ እሷ ደግሞ እየሮጠች መጥታ ነገረችኝ። ዮኒ ማታ ድምፅ ልኮልሻል አሉ።» ፊታቸው በርቷል። «እንዴት ነው? ከስቷል? ማለቴ ድምፁ… እስቲ አሰሚኝ የኔ እናት። አንዴ ብቻ።»

«ሳላስበው አጠፋሁት» ብትል እናቷ ያምናሉ። ዛሬ ይስቃሉ፣ ነገ ግን ሌላ ድምፅ ይጠብቃሉ። ውሸቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ሲድራ ቴሌግራሙን ከፈተችና ስልኩን ሰጠቻቸው።

ያለው የእሷ ጽሑፍ ብቻ ነው። «ዮኒ፣ አዲሱ ድራጎን ቅጥቅጥ ያክላል ወይስ ሲኖ?» «ዮኒ፣ የሞተው ትንሹ ነው?» «ዮኒ፣ የት ነህ?» ከእያንዳንዱ ጎን አንድ ራይት። አንዱንም አላነበበውም።

«አልላከም እማ። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

እናቷ አልተቆጡም። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «እኔ ደግሞ ላንቺስ ይደውላል ብዬ ደስ ብሎኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ሱቅ የሚመጣው ሁሉ ሲጠይቀኝ ‹ማታ ደወለልኝ› ነው የምለው። ለሬሐና እናትም እንደዚያው ነው ያልኳት።»

ሲድራ አጠገባቸው ቆመች። ልታዝን ይገባት ነበር። የተሰማት ግን ድካም ብቻ ነው።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አሉ እናቷ። «ሟርት ይሆንብናል። እንደ ጀመርነው ደህና ነው እንበል።»

ታዲያ ሁሉም ደህና ነው ብሎ ካመነ ማን ይፈልገዋል? ሲድራ ቦርሳዋን አውርዳ ደረጃው ላይ አስቀመጠችና ወደ በሩ ተመለሰች።

«ወዴት ነው?»

«እነ ሬሐና ቤት።»

እናቷ ስልኩን ይዘው ተነሡ። ሲድራ የኮብልስቶኑን መንገድ ስትሻገር የእሳቸው ነጠላ ጫማ ከኋላዋ ይሰማት ነበር።

በሩን የከፈቱት ኦቦ ከማል ራሳቸው ናቸው። ነገ ማለዳ ጉዞ አላቸው መሰል፣ እጃቸው ዘይት ነክቶታል።

«አካም ጅርታ ሲድራ? ዮኒስ?»

እንደ ልማዷ «ፈያ፣ ደህና ነው» ልትል ነበር። ቃሉን ዋጠችው።

«ጠፍቶብናል ኦቦ ከማል» አለች። «ደውሏል ያልኳችሁ ውሸቴን ነው። ይፈልጉልን።»