ይተነፍሳል የተባለው ሕንፃ

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ሁለት ልጅ ወልጄ፣ ቢቸና ላይ የራሴን የአሉሚኒየምና የመስታወት ሱቅ ከፍቼ፣ ሜትሬን በወገቤ አንጠልጥዬ የምውል ሴት ነበርሁ፣ ስለዚህ የምነግራችሁን ነገር የልጅነት ወሬ እንዳትሉብኝ። ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ የሚል ሰው ሲመጣብኝ "ቆርቆሮ ነው፣ ንፋስ ነው፣ ድመት ነው" ብዬ የምመልስ፣ እናቴ "አንች ልብሽ ድንጋይ ነው" እስክትለኝ ድረስ እንዲህ ያለ ነገር የማይዋጥልኝ ነበርሁ። ዛሬም አምናለሁ አልልም። የሆነውን ግን ልናገር፣ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ነው የሆነው፣ ጨለማ አታለለሽ እንዳትሉኝ።

ነገሩ የጀመረው በወረቀት ነው። የእናቴ ወንድም አያ ደመላሽ ሞጣ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ አላቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጤፍ ነግደው ያቆሙት ነው፣ ምድር ቤቱን ባንክ ተከራይቶታል፣ ከላይ ያሉት ክፍሎች ሰው የሚገባባቸውም ባንኩ ስላለ ነው። ታዲያ የንግድ ሕንፃ ሁሉ ኤሌክትሪክ እንዳያባክን ይመርመር፣ ያላሟላ ማረጋገጫ አያገኝም የሚል ጠበቅ ያለ መመሪያ መጣ፣ ባንኩም "የላይኛውን የጥግ ክፍል ለማሽኖቻችን እንፈልገዋለን፣ ማቀዝቀዣ እናስገባበታለን፣ ማረጋገጫው በወሩ መጨረሻ ካልመጣ ግን ፊት ለፊት ወደ ተሠራው አዲሱ ሕንፃ እንሄዳለን" አለ። ባንኩ ሄደ ማለት ሕንፃው ባዶውን ቀረ ማለት ነው። አያ ደመላሽ ደውለው ነይና አስተካክይልኝ አሉኝ። እኔ ይህን ሥራ ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርሁትም፣ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ፣ መስታወት እየሰበርሁ ነው የለመድሁት፣ እሳቸው ግን በቤተ ዘመድ ፊት "የኔ መሐንዲስ" ሲሉኝ የኖሩ ሰው ናቸውና በምን አፌ እምቢ ልበል።

እመኑኝ፣ ምንም ዓይነት መንፈስ እንደዚያ መመሪያ አያንገላታም። ግማሹን ሳምንት መብራት በሚጠፋበት ከተማ ኤሌክትሪክ አታባክኑ መባል ራሱ ያበግናል። አያ ደመላሽ ከዞን የተላከውን ተቆጣጣሪ "የሌለንን ነው የምንቆጥበው?" ብለው ቢጠይቁት ፈገግ እንኳ አላለም። ጨዋ ሰው ነው፣ አልዋሽም፣ መታወቂያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ክላሰሩን አቅፎ ይመጣል፣ መጀመሪያ ሲመጣ አምፖሉን ሁሉ ቀይሩ አለ፣ ቀየርን፣ ሁለተኛ ሲመጣ ፎርሙ ተቀይሯል አለና እንደ አዲስ ሞላን፣ ሦስተኛ ሲመጣ ደግሞ የጥግ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ጣሪያ ጣሪያውን ካየ በኋላ "ይሄ ሕንፃ ይተነፍሳል" አለኝ።

"ምን ያደርጋል?"

"ይተነፍሳል። በስንጥቁ አየር ያስገባል፣ ያስወጣል። ማቀዝቀዣ ብታስገቡበት ቅዝቃዜው ሾልኮ ነው የሚያልቀው።"

"እኔ የሚተነፍስ የማውቀው ሰውና ጎማ ነው" አልሁት።

"እንግዲህ ሦስተኛ ጨምሪ" አለ እየጻፈ። "ሰኞ እመለሳለሁ፣ ትንፋሹን አጥፊልኝ።"

የት የት ላይ እንደሚያስገባ በመሣሪያህ ለክተህ አሳየኝ ስለው፣ መሣሪያው ባትሪ ጨርሷል፣ መብራት ሲመጣ ይሞላል አለ። እንዲህ ነው እንግዲህ። ስንጥቅ የሚደፍነውን ሲሊኮን ልገዛ ሞጣን ዞርሁ፣ ያገኘሁት ሁሉ ቱቦው ውስጥ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ ወደ ቢቸና ተመለስሁ፣ ካርቶን ሙሉ ታቅፌ በደብረ ወርቅ በኩል አቧራ እየጠጣሁ በሚኒባስ መጣሁ፣ ከፍቼ ባየው ግማሹ ነጭ ሳይሆን ቡናማ ነው፣ ቁጭ ብዬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። አያ ደመላሽ "ግድ የለሽም፣ ቀለም ይቀባበታል" ብለው አጽናኑኝ። ቅዳሜ ማታ መስኮቱ ሁሉ ታሽጎ፣ በሮቹ ሁሉ ጎማ ዙሪያቸውን ለብሰው አለቀ።

የቀረኝ መፈተሽ ነበር። ቪዲዮው ላይ ጭስ የሚተፋ ብዕር የመሰለ ዕቃ ይዘው ነው ንፋስ የሚፈልጉት፣ ያ ሞጣ ላይ ከየት ይመጣል፣ እኔ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንድ እፍኝ ጧፍ ገዛሁ። የጧፍ ነበልባል ቀጭን ነው፣ ሰው የማይሰማው ንፋስ ያዘነብለዋል፣ የሚገባም ከሆነ ወደ አንቺ፣ የሚወጣም ከሆነ ወደ ግድግዳው። ጧፍ ለዚህ ሥራ ማዋሌን ለእናቴ እስከ ዛሬ አልነገርኋትም። እሑድን የመረጥሁት ባንኩ ዝግ፣ ተከራዩም የለም፣ በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሳይኖር አየሩ ይረጋል ብዬ ነው። አያ ደመላሽና ሚስታቸው እትዬ አለም ቅዳሴ ሄዱ፣ እኔ ቁልፍ ይዤ ወጣሁ።

የጥግ ክፍሉን መጨረሻ ላይ ነው የያዝሁት። በሩን ከውስጥ ዘጋሁ፣ ጎማው ግጥም አለ። መስኮቱን በጧፍ ዞርሁት፣ ነበልባሉ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። በሩን ዞርሁት፣ ቀጥ። ከዚያ ከማዕዘኑ ምሶሶ አጠገብ፣ ጉልበቴ ላይ በሚደርስ ቦታ፣ ነበልባሉ ወደ ግድግዳው ዘንበል አለ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ልስኑ ከምሶሶው የተላቀቀበት፣ ጥፍር የማያስገባ ስንጥቅ አለ። "ተያዝህ" አልሁት።

ይህን ስል ነበልባሉ ቀና አለና ወደ እኔ ዘነበለ።

ቆየት ብሎ ወደ ግድግዳው። ቆየት ብሎ ወደ እኔ። ንፋስ እንዲህ አያደርግም፣ ንፋስ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲተው ይተዋል፣ ይሄ ግን ልክ ነበረው፣ ሲስብ ረዘም፣ ሲመልስ አጠር ይላል። በመስኮቱ አየሁ፣ የባንኩ ባንዲራ ከእንጨቱ ላይ ተጣብቃ አትንቀሳቀስም፣ የባሕር ዛፉ ቅጠል ዝም ብሏል። ማሽን ይሆን እንዳልል መብራት ከዓርብ ጀምሮ የለም። ከዚያ ግድግዳ ኋላ ደግሞ ክፍል የለም፣ ቧንቧ የለም፣ ሁለት ፎቅ ቁልቁል የጓሮው ባዶ አየር ነው፣ ውጭውን ራሴ ነኝ በመሰላል ወጥቼ የለሰንሁት። መዳፌን አስጠጋሁ። ሲስብ ቀዝቀዝ ይላል፣ ሲመልስ ግን ለብ ያለ ነው፣ እርጥበትም አለው፣ ሕፃን ልጅ ደረትሽ ላይ ተኝቶ አንገትሽን እንደሚያሞቀው ዓይነት።

የራሴ ትንፋሽ ነው ብዬ አፌንም አፍንጫዬንም ያዝሁ። እኔ ሳቆም እሱ አላቆመም። እንዲያውም ልልቀቅ ስል የኔው ትንፋሽ ከእሱ ጋር እኩል ሲሄድ አገኘሁት፣ ያ ነው የቀፈፈኝ።

ብልህ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ወርዶ ይሄድ ነበር። እኔ ግን ተናደድሁ፣ በምን ልማልላችሁ፣ ከፍርሃቱ ንዴቱ በለጠብኝ። አምፖሉ፣ ፎርሙ፣ የደረቀው ሲሊኮን፣ አቧራው፣ ከልጆቼ ተለይቼ ያደርሁት ሌሊት ሁሉ ትዝ አለኝ፣ አንድ ስንጥቅ ናት የቀረችኝ፣ ሰኞ ሰውየው ይመጣል። የሲሊኮኑን ቱቦ እንደ ሽጉጥ በሚጨመቀው መግፊያ ላይ ሰካሁና ከላይ እስከ ታች ሞላሁት፣ በጣቴም ጠረግ አድርጌ ደመደምሁት። ነበልባሉ ቀጥ አለ።

ቀጥሎ ያየሁትን እንዳየሁት ልንገራችሁ። እርጥቡ ሲሊኮን መሐል ላይ ወደ ውጭ ተነፋ፣ ልጅ ማስቲካ እንደሚነፋው፣ ትንሽ። ተመልሶ ሟሸሸ። እንደገና ተነፋ፣ አሁን ትልቅ። ከዚያ ወደ ውስጥ ተሳበ፣ ተሳበ፣ ጎድጎድ አለ፣ እዚያው ቀረ። ኮሪደሩ ላይ የዘጋኋቸው በሮች አንድ በአንድ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አሉ፣ ሁሉም ወደ እኔ ወደ ጥጉ የተሳቡ መሰለኝ። የጧፉ ነበልባል ማንም እፍ ሳይለው አነሰ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ክሩ ላይ ተቀመጠ፣ ጠፋ። ክፍሉ ውስጥ ፀሐይ አለ፣ ሁሉ ነገር ይታያል፣ እኔን ግን አየር አጠረኝ።

ከልስኑ ኋላ ጥፍር የሚመስል ነገር አንድ ጊዜ ቧጠጠ። ቆየ። ሁለተኛ ቧጠጠ፣ አሁን ቀስ ብሎ።

በሩን ሳብሁት፣ እምቢ አለ፣ የራሴው ጎማ ነው ጨምድዶ የያዘብኝ። እግሬን መቃኑ ላይ ተክዬ በሁለት እጄ ስጎትተው በኃይል ተላቀቀ፣ በጀርባዬ ወደቅሁ፣ መግፊያውንም ጧፉንም ትቼ ደረጃውን እንዴት እንደ ወረድሁት አላውቅም።

አያ ደመላሽ ከቅዳሴ ተመልሰው የመጨረሻው ደረጃ ላይ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ቁጭ አልሁና ነገርኋቸው፣ ይሥቁብኛል ወይም አማትበው ጠበል ሂጂ ይሉኛል ብዬ ነበር። ከምሶሶው አጠገብ ያለው ስንጥቅ ሲተነፍስ ነበር፣ ደፈንሁት አልኋቸው። ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ ጠየቁኝ።

"ፈጥና ነው ወይስ ዝግ ብላ?"

"ዝግ ብሎ" አልሁ፣ ሳላስተውለው።

"ስትደፍኝባት ምን ሆነች?"

ይሄኔ ነው የሰማሁት። በእኛ አገር ክፍልንም ስንጥቅንም ሴት አድርጎ መጥራት ያለ ነው፣ እኔም ቅድም አንድ ስንጥቅ ናት የቀረችኝ ብያለሁ፣ ስለዚህ በዚህ ብቻ ነገር ማንሣት አልፈለግሁም። ግን አነጋገራቸው ስለ ግድግዳ አልነበረም።

"ማን ናት አያ?" አልኋቸው።

የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው እያሻሹ "ስሟን አልጠየቅኋትም" አሉኝ።

ከዚያ በላይ የሚያስጠይቅ ፊት አላየሁባቸውም። ሕንፃው ሲሠራ ሲሚንቶ ተሸክመው ደረጃ ይወጡ ከነበሩት ሴቶች አንዷ ትሁን፣ ያኔ ተጠግታ ያደረች መንገደኛ ትሁን፣ ወይ ሽማግሌ የሚቃዠው ነገር ይሁን፣ እኔ ምን አውቄ። እትዬ አለምን ባዋያቸው "ምሳ ቀርቧል" ብለው ገቡ።

ሰኞ ተቆጣጣሪው ባትሪ የተሞላ መሣሪያውን ይዞ መጣ። እኔ እስከ በሩ ድረስ ብቻ ሸኘሁት። ግድግዳ ግድግዳውን ለካ፣ ምሶሶው ጋ ደርሶም አጎነበሰ፣ ሲወጣ እንዲህ ጥብቅ ያለ ክፍል ገጥሞኝ አያውቅም አለና ፈረመ። ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ያ የለፋንበት ማረጋገጫ እጃችን ገባ ማለት ነው። ለአያ ደመላሽ ሰጠኋቸው፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፣ አመሰገኑኝ፣ እኔም በዚያው ቀን ወደ ልጆቼ ወደ ቢቸና ተመለስሁ። ከዚያ ወዲህ ስንጥቅ ከመድፈኔ በፊት መዳፌን አስጠግቼ ትንሽ እቆያለሁ፣ ሠራተኞቼ "ምን ሆነሽ ነው?" ይሉኛል፣ ንፋስ እያየሁ ነው እላለሁ።

የቀረውን እትዬ አለም ናቸው ደውለው የነገሩኝ። ማክሰኞ ጠዋት አያ ደመላሽ ቁርሳቸውን ሳይቀምሱ መሮና መዶሻ ይዘው ወጥተው፣ ሰው እንዳይከተላቸው ከልክለው፣ ስንጥቁን እጅ እስኪያስገባ ድረስ ፈለፈሉት። አቧራውን ራሳቸው ጠርገው በማዳበሪያ አወረዱት። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ባንኩ ገቡና፣ ማረጋገጫውን ለሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ የላይኛዋን የጥግ ክፍል ግን አላከራይም፣ ሰው አለባት አሉት። ባንኩ በወሩ ለቀቀ።