ቋጠሮውን አገኘሁት

ሰዓት ሠሪው ሣሩን እስከ ግማሽ አጭዶ ሞተ ተባለ። ግቢው ፀጉር አስተካካይ መሐል ላይ ጥሎት የሄደ ራስ መስሏል፤ ግማሹ ተላጭቷል፣ ግማሹ ጎፍሯል። ሽማግሌው በሁለቱ ድንበር ላይ በደረቱ ተደፍቶ፣ ግንባሩ የአበባ መደቡን የከበበው ድንጋይ ላይ አርፏል። እግሩ ሥር ያቺ ሦስት ወር ሙሉ ሲመርጣት የከረመው ባለባትሪ የሣር ማጨጃ ቆማለች።

«ማሽኑ እየሠራ እግሩን ጠለፈው፣ ወደቀ፣ አለቀ» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «ለዚህ አንቺን ማድከም አልነበረብንም።»

መርማሪዋን የሥራ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ሆና አይደለም፤ ኧረ እንዲያውም ሞላ ያለች ናት። በጠባብ ቀዳዳ ገብታ ክር ይዛ ስለምትወጣ ነው።

ያስጠራቻት የሟች ሚስት ናት። የራስ ምታት ለዓመታት አልጋ ላይ ያዋላት አሮጊት፣ በረንዳው ላይ ፎጣ ግንባሯ ላይ አስራ ተቀምጣለች።

«ስሚኝ ልጄ» አለቻት። «ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ልጄ በሥራ ክፍሉ ውስጥ ተቃጥሎ ሞተ። ‹የገዛ እንዝህላልነቱ ነው፣ ሽቦውን ራሱ ቀጥሎት ነው› ብለው ቀበሩት። ዛሬ ደግሞ ባሌን ‹ተደናቅፎ ነው› ብለው ሊቀብሩብኝ ነው። ያ ሰው ውሃ ሲጠጣ እንኳ ብርጭቆውን ሁለቴ የሚያይ ነበር። እውነቱን አምጪልኝ።»

«እማማ፣ እውነቱ የሚመር ቢሆንስ?»

«ከዚህ ወዲያ ምን ይመረኛል?»

መርፌ ሄዳ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ሌሊቱን ዘንቦ መሬቱ ረጥቧል። የሟች ጫማ ሥር ግን ጭቃ የለበትም፣ አንዲት የሣር ቅንጣት አልያዘችበትም። ይልቅ ጉልበቱ ላይ ነጭ የግድግዳ ብናኝ አለ። ከታጨደው ሣር አንድ እፍኝ ዘገነች፤ ጠውልጓል፣ የትናንት ነው። የባትሪውን መብራቶች አየች፤ አራቱም በርተዋል፣ ሙሉ ነው። እጀታውን ጨበጠች። ማሽኑ ዝም።

«ተበላሽቶ ይሆናል» አለ ፖሊሱ።

እጀታው ሥር ጣት የማታስገባ ባዶ ቀዳዳ አገኘች። የሟችን የሸሚዝ አንገት ከፈት ስታደርግ፣ በክር ታስራ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለች ቀይ የፕላስቲክ ቁልፍ ወጣች። ቀዳዳው ውስጥ ብትሰካት ማሽኑ በለሆሳስ ተነሳ።

«አየህ ወንድሜ፣ ይህች ነገር ያለ ቁልፏ አትነሳም። ሰውየው ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሸሚዙን በላዩ ቆልፎ ነው ሲያጭድ የነበረው?»

ፖሊሱ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። እሷ ከዚያ ቀና ስትል፣ ከግቢው ጥግ ካለው ዕቃ ቤት ጀምሮ እስከ ሬሳው ድረስ ሣሩን ተጭኖ ያለፈ አንድ ቀጭን የጎማ መስመር አየች። አንድ ጎማ ያለው ነገር የእጅ ጋሪ ነው።

በዚያ ግቢ ያለ ከልካይ የሚገባ የሚወጣው ሦስት ሰው ብቻ ነበር፤ የሟች ታናሽ ወንድም፣ ቤቱ ውስጥ ያደገችው የሚስቱ እህት ልጅ፣ እና የአርባ ዓመት ጓደኛው።

ወንድሙ የቤንዚን ማሽን ጠጋኝ ነው፤ ሰፈሩ «ጭሱ» ይለዋል። በሩ ላይ ቆሞ ጥፍሩ ውስጥ የገባውን ግራሶ ይጎረጉራል።

«ከወንድምዎ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ተጣልተናል፣ ምን ልዋሽሽ! ቤንዚን ሲሸት የኖረ ሰው ባትሪ ይገዛል? ‹ሣር ማጨጃ አይደለም፣ ጢም መላጫ ነው የገዛኸው› አልኩት።»

«‹ቂም ቋጥሮበታል› ይላል ሰፈሩ።»

«ሰፈር ምን የማይለው አለ? ቅር ብሎኛል እንጂ አልቋጠርኩም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ የጠገንኩት ማሽን ሲነሳ እኮ፣ ሚስቱ ትራስ ጆሮዋ ላይ ታደርግ ነበር። ለሷ ብሎ ነው የገዛው። ትናንት እሱ ዞር ሲል ትንሽ ገፋ አድርጌ አየሁት። ድመት በሣር ላይ ስትሄድ ይመስላል። ይህን ‹ነገረኝ› እንዳትዪ፤ ደንበኞቼ ይስቁብኛል።»

የእህት ልጅቱ የሟችን ማስታወሻ ደብተር አመጣች። ሰዓት ሠሪው የጉንዳን እግር በምታክል ፊደል ጽፏል። «የምላጩ ስፋት፦ ለግቢያችን አርባ ሳንቲ ይበቃል። ክብደት፦ እኔም ሽማግሌ ነኝ። ባትሪ፦ ሁለት ይሁን፣ አንዱ ሲሠራ አንዱ ይሞላል። ድምፅ፦ እሷ ካልሰማችው፣ እሱ ነው የኔ ምርጫ።» የትናንቱ መስመር የመጨረሻው ነው፦ «ግማሹ ታጨደ። ቻርጀሩ ግን ከሚገባው በላይ ጋለ። ጠዋት ሶኬቱን ልፈትሽ።»

መርፌ ይህን ይዛ ወደ አሮጊቷ ተመለሰች። «እማማ፣ ጠዋት ምን ሰሙ?»

«መስኮቴ ወደ ዕቃ ቤቱ ነው። ሁለት ሰዓት ይሆናል፤ ‹ቋጠሮውን አገኘሁት!› ሲል ሰማሁት። ጮኾ አያውቅም፣ ጮኸ። ከዚያ አንድ ነገር ወደቀ። ከዚያ ጸጥ።» ፎጣውን ወደ ዓይኗ ሳበችው። «ልጄ፣ የእህቴ ልጅ አልጋ ሥር አንድ ቋጠሮ አለ። ዛሬ ነው ያየሁት። ከጉልበቴ ሥር አላስነሣኋትም፣ አሳድጌያታለሁ። ምን ደብቃ ነው ያገኘባት? እሷ ትሆን?»

ልጅቱ ስትጠየቅ ቋጠሮውን ራሷ ጎትታ ፈታችው፤ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ጥንድ ጫማ፣ የሥራ ቅጥር ደብዳቤ።

«ሌላ ከተማ ሥራ አገኘሁ። ጋሼ ያውቃል። ‹ለእትዬ እኔ እነግርልሻለሁ፣ ቀስ ብዬ› ብሎኝ ነበር» አለች እያለቀሰች። «ጠዋት መድኃኒት ቤት ልኮኝ ስመለስ ወድቆ አገኘሁት። አሁን እንዴት ትቻት እሄዳለሁ? ደግሞ በምን ዓይኗ እንደምታየኝ አየሽ?»

ጓደኛው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፣ አሁን ጡረታ ወጥቷል። መንገዱ ላይ ላለ ቤት ሁሉ መብራት ያስገባው እሱ ስለሆነ «አባ ብርሃን» ብለው ሰይመውታል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ከመሐል ቆርጠው ነው የጣሉኝ» አለ። «ማሽኗ በወረቀት ላይ ስትመረጥ አብሬው ነበርኩ፤ ቮልቱን እኔ ነኝ የነገርኩት። ጠዋት ከቤቴ ሆኜ ድምፁን ሰማሁ፤ ሲያንጓጓ ቆየና ድንገት ጸጥ አለ። ያኔ ነው የወደቀው።»

«ቤትዎ የት ነው?»

«ከሁለት ቤት ማዶ። አንቺ፣ መነፅርሽ ሊወድቅ ነው እኮ! እግሩ ላልቷል፤ አምጪው ላጥብቅልሽ።»

ከኪሱ ብጣሽ የመዳብ ሽቦ አውጥቶ በግራ እጁ ሦስት ጊዜ ወደ ግራ ጠመዘዘና ጫፉን መልሶ ከሥር ሸጎጠው። የሙያተኛ እጅ ነው፤ ዓይን አይፈልግም።

መርፌ መነፅሩን ተቀብላ አደረገችው። «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ። አሁን አጥርቼ አያለሁ።»

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ነገር አቧራ ለብሷል፤ የሥራ ጠረጴዛው ላይ የተገጠመው የብረት መንከሻ፣ ሞርሳው፣ ብቻ ተወልውሎ ያበራል። የእጅ ጋሪው ጎማ እርጥብ ጭቃ ይዟል። ሰማያዊ በተቀባው ግድግዳ ላይ የሶኬቱ ክዳን በአንድ ብሎን ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ነጭ ብናኝ ፈሷል። ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ጫፍ አዲስ የተቆረጠ ነው። የሰዓት ሠሪው አጉሊ መነፅር ወለሉ ላይ ነበር፤ ትንሿ የቆርቆሮ ማኅደሩ ግን በሟቹ የደረት ኪስ ውስጥ ተገኘች። ስትከፍታት አንዲት የጠቆረች የመዳብ ቋጠሮ መዳፏ ላይ ወደቀች።

አሮጊቷ ስታያት በሁለት እጇ ተቀበለቻት። «ከልጄ አመድ ውስጥ የለቀማት ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ከኪሱ አልተለየችም። ‹የልጄ የመጨረሻ ሥራ› ይላት ነበር። ለኔ ካልሆነ ለማንም አሳይቷት አያውቅም።»

ከሰዓት በኋላ መርፌ ሁሉንም ሳሎን ውስጥ ሰበሰበች። አሮጊቷ ሶፋው ላይ፣ ልጅቱ ራቅ ብላ በሩ አጠገብ፣ ጭሱ መስኮቱ ሥር፣ አባ ብርሃን ደግሞ በሟች ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሁልጊዜም እዚያ ነበር የሚቀመጠው።

«ሟቹ ዛሬ ሣር አላጨደም» ብላ ጀመረች። «ሣሩ የትናንት ነው። ባትሪው ሙሉ ነው። ቁልፉ ከሸሚዙ ሥር ነው። ጫማው መሬት አልረገጠም። ዕቃ ቤት ውስጥ ሞቶ ወይም ሊሞት ሲል በእጅ ጋሪ ተወስዶ እዚያ ተጣለ። ማሽኗን አጠገቡ ያቆማት ሰው እንዴት እንደምትነሳ አያውቅም ነበር። ጭሱ ትናንት ነድቷታል፤ እሱ ቢሆን ቁልፉን ይሰካባት ነበር።»

«ነድቷታል?» አለች አሮጊቷ።

«ትንሽ ገፋ አድርጌ…» ጭሱ አንገቱን ደፋ።

«ሟቹ ‹ቋጠሮውን አገኘሁት› ብሎ ጮኸ። ሰፈሩ ቢሰማ ‹የጭሱን ቂም ነው› ይል ነበር። እማማ ‹የልጅቱን ልብስ ነው› አሉ። ግን የልጅቱን ቋጠሮ ሟቹ ድሮ ያውቀዋል፤ ሰው የሚያውቀውን ነገር ‹አገኘሁት› ብሎ አይጮኽም። እሱ ጠዋት የፈታው ሶኬት ነው። ሶኬት ውስጥ ያለው ቋጠሮ የሽቦ ቋጠሮ ነው።»

የጠቆረችውን መዳብ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ቀጥላ መነፅሯን አውልቃ ከጎኗ አስቀመጠች።

«ሦስት ዙር፣ ወደ ግራ፣ ጫፉ ከሥር የተሸጎጠ። አንዱ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ከእሳት የወጣ ነው። አንዱን ዛሬ ጠዋት አባ ብርሃን በፊቴ አሰሩልኝ። ሰዓት ሠሪ ደግሞ የሰው እጅ ያውቃል። ዛሬ ሶኬቱ ውስጥ ያንኑ ቋጠሮ ሲያይ፣ የልጁ ነው ብሎ የተሸከመው የማን እንደሆነ ገባው።»

አሮጊቷ ቀስ ብላ ዞረች። «ያኔ አመዱ ላይ ቆመህ ‹ልጁ ራሱ ነው የቀጠለው› ያልከው አንተ አይደለህም?»

አባ ብርሃን ለመሳቅ ሞከረ። «እህቴ፣ በተጠመዘዘ ሽቦ ሰው ይከሰሳል? እኔ ቤቴ ሆኜ የማሽኑን…»

«የማሽኑን ድምፅ ሰሙ» አለች መርፌ። «ሚስቱ አሥር እርምጃ ላይ ተኝታ እንዳትሰማው ብሎ ሦስት ወር የመረጠውን ማሽን፣ እርስዎ ከሁለት ቤት ማዶ ሰሙት። ያውም ሳይነሳ። አባቴ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መዳብ አይጥልም፤ እስቲ በኪስዎ ያለውን ያውጡ።»

እጁ ወደ ኪሱ ገባና እዚያው ቀረ። ጭሱ ተነስቶ በቀስታ ጎትቶ አወጣው። መዳፉ ላይ ሦስት ዙር የተጠመዘዘ ሽቦ ነበር፤ ሽፋኑ ጫፍ ላይ የዕቃ ቤቱ ሰማያዊ ቀለም ተለጥፏል።

«ልናገር ነበር» አለ አባ ብርሃን፣ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ። «ያኔውኑ ልናገር ነበር። አንድ ቀን አለፈ። ሳምንት አለፈ። ከዚያ በየት በኩል ይገባበታል? ዛሬ ልጠይቀው ብመጣ ቋጠሮውን ዓይኔ ላይ ደገነው። እንዲተወኝ ብዬ ነው የገፋሁት። ሞርሳው ላይ…»

«ይተነፍስ ነበር?» አለች መርፌ።

አባ ብርሃን ሽቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ይተነፍስ ነበር ወይ?»

«ይተነፍስ ነበር።»

«ሐኪም በመጥራት ፈንታ ቋጠሮውን ሊቆርጡ ፒንሳ አነሱ።»

አሮጊቷ አልጮኸችም። «አሥራ ሁለት ዓመት» አለች። «በየዓመቱ ልጄ መቃብር ላይ ክንዴን ደግፈህ አቆምከኝ። እኔ ‹እንዝህላል ነህ› ብዬ የሞተ ልጄን ስወቅስ፣ አንተ መሐረብ ታቀብለኝ ነበር።»

ፖሊሱ ሊወስደው ሲያስነሳው ዞሮ «እህቴ» አለ። አላየችውም።

ልጅቱን ወደ ሶፋው ጠርታ እጇን ያዘች። «አንቺን ጠረጠርኩ፤ እሱን በባሌ ወንበር አስቀምጬ። ይቅር በይኝ። ቋጠሮሽን እሠሪው፣ ሥራሽ አይለፍሽ።»

«እትዬ፣ ብቻሽን?»

«እኔ አለሁ» አለ ጭሱ መስኮቱ ሥር ሆኖ። «የቀረውን ግማሽ ሣር ማን ያጭደዋል?»

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጭሱ ቁልፉን ሰክቶ ማጨጃዋን ገፋ። አሮጊቷ መስኮቷን ወለል አድርጋ ከፍታ አዳመጠች። ምንም ድምፅ አልተሰማትም፤ እንባዋም ያኔ ነው የመጣው።

መርፌ ሁለቱን ቋጠሮዎች በፖስታ አሽጋ፣ ሦስተኛውንም ከመነፅሯ ፈታ ከተተችው። ክፍሉ ሲጨልም ልጅቱ ወደ ማብሪያው እጇን ዘረጋች።

«ተዪው» አለች አሮጊቷ። «በዚህ ቤት ግድግዳ ውስጥ ያለው ሁሉ የእሱ ቋጠሮ ነው። እስኪፈታ ድረስ ጨለማው ይሻለኛል።»

መርፌ አንድ እግሩ የተንጠለጠለ መነፅሯን በእጇ ደግፋ ወጣች።